ዶልፊኑ፣ ሸርጣኑና 75 በመቶው፦ አንድ የቁጥር ጌም ለእያንዳንዱ ልጅ ራሱን የሚያስማማው እንዴት ነው?

ለልጆች የተሠራ ትምህርታዊ ጌም ሲተዋወቅ «ከልጅዎ ደረጃ ጋር ራሱን ያስማማል» የምትል ዓረፍተ ነገር አትጠፋም። ወላጅም አስተማሪም ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። አይፈረድበትም። አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ልጆች እኩል አያውቁም፣ እኩልም አይፈጥኑም። አንዱ ሲሰለቸው ሌላው ገና ግራ እንደተጋባ ነው። አስተማሪው ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ ለሁሉም በየአቅማቸው ጥያቄ ማዘጋጀት አይችልም። ኮምፒውተር ይህን ሸክም ቢያግዝ ማን ይጠላል?

ግን ጌሙ ይህን በምን ዘዴ ነው የሚያደርገው? ብዙ ጊዜ ዘዴው ቀላል ነው። ልጁ ሦስቴ በተከታታይ ከመለሰ ወደሚቀጥለው ሌቭል ያልፋል፤ ከተሳሳተ አንድ ደረጃ ይወርዳል። ከምንም ይሻላል። ልጁ የተቸገረው የቱ ጋ እንደሆነ ግን አይነግረንም።

ነገሩን በደንብ ለማየት አንድ ጌም ይዞ ከሥሩ መከተል ይሻላል። እዚህ የምከተለው «ዘ ነምበር ሬስ» የተባለውን፣ ማለትም የቁጥር እሽቅድምድሙን ነው። የሠሩት በፈረንሳይ አና ዊልሰን፣ ስታኒስላስ ደሃንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ደሃን አንጎል ቁጥርን እንዴት እንደሚያስተናግድ በማጥናት የሚታወቅ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ነው። ሥራቸውን በ2006 እ.ኤ.አ. በሁለት ተከታታይ ጽሑፎች አወጡ (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ጽሑፍ ጌሙ በውስጡ እንዴት እንደሚያስብ ከነቀመሩ ይዘረዝራል። ሁለተኛው በልጆች ላይ ምን እንደታየ ይናገራል። ጌሙን የመረጥኩት ለዚህ ነው። የማስማማቱ ሥራ ብዙ ጊዜ የድርጅት ሚስጥር ሆኖ ይቀራል። እዚህ ግን ሁሉም ነገር ጠረጴዛው ላይ ነው።

ልጆቹ የተቸገሩት ምን ላይ ነው?

ጌሙ የታሰበው ዲስካልኩሊያ ለሚባለው የሒሳብ ችግር ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከ100 ልጆች ከ3 እስከ 6 የሚሆኑት ይህ ችግር አለባቸው ይላል። እንዲህ ያለው ልጅ አንደበተ ርቱዕ ሊሆን ይችላል። ማንበብም ላያስቸግረው ይችላል። ቁጥር ላይ ሲደርስ ግን ይጠፋበታል። እኩዮቹ 8 ከ6 እንደሚበልጥ ሳያስቡ ሲመልሱ እሱ ጣቱን ይቆጥራል። ሦስት ነጥብ ሲያይም እንደ ሌላው ልጅ በአንድ እይታ «ሦስት» አይልም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ይደርስበታል።

እዚህ ጋ አንድ የቆየ ግኝት ያስፈልገናል። በ1967 ሞየርና ላንዳወር የተባሉ ተመራማሪዎች ለአዋቂዎች ሁለት አኃዞች እያሳዩ «የቱ ይበልጣል?» ብለው ጠየቁ። 9 እና 2 ሲቀርቡ ሰዎቹ ቶሎ መለሱ። 6 እና 5 ሲቀርቡ ዘገዩ። ቁጥሮቹ በተቀራረቡ መጠን መልሱ ይጓተታል። የተማረ አዋቂ እንኳ ከዚህ አያመልጥም። ይህ የሚያሳየው አንጎላችን አኃዝን የሚያየው እንደ ምልክት ብቻ እንዳልሆነ ነው። ከምልክቱ ጀርባ ያለውን ብዛት ይመዝናል። ሁለት የተቀራረቡ ብዛቶችን መለየት ደግሞ ጊዜ ይወስዳል።

የዊልሰንና የደሃን ቡድን መነሻ ሐሳብም ይኸው ነበር። ዲስካልኩሊያ ያለበት ልጅ አንድም ይህ የብዛት ስሜቱ ደካማ ነው። ወይም ስሜቱ ደህና ሆኖ «7» የሚለው አኃዝና «ሰባት» የሚለው ቃል ከዚያ ስሜት ጋር በደንብ አልተሳሰሩም። ሁለቱ ችግሮች ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። መድኃኒታቸው ግን አንድ ላይሆን ይችላል። ጌሙ ታዲያ ሁለቱንም ማስተናገድ ነበረበት። ከዚያም በላይ አንድ ዓይነት ምርመራ የወጣላቸው ልጆች ራሳቸው የተለያዩ ናቸው። አንዱ የት እንደቆመ ሳይታወቅ ምን እንደሚጠየቅ መወሰን አይቻልም።

ስክሪኑ ላይ የሚሆነው

ልጁ ዶልፊን ነው። ተቀናቃኙ ሸርጣን ነው፤ እሱን የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተሩ ነው። ሁለት የውድ ዕቃ ክምሮች ይቀርባሉ። በግራ ሰባት፣ በቀኝ ሦስት እንበል። ልጁ የሚበዛውን ቶሎ መምረጥ አለበት። ከዘገየ ሸርጣኑ ደርሶ ትልቁን ክምር ይወስደዋል።

ከዚያ ወደ መሮጫው ሰሌዳ ይሄዳሉ። ሰሌዳው በካሬ በካሬ የተከፈለ መንገድ ነው። ሰባቱን ያገኘ ሰባት ካሬ ይራመዳል፣ ሦስቱ የደረሰው ሦስት። ቀድሞ መጨረሻው ላይ የደረሰ ያሸንፋል። ቀላል ይመስላል። ግን ልጁ አሁን ያየው ብዛት ዓይኑ ሥር ርቀት ሆነ። ሰባት ከሦስት መብለጡን ማንም አልነገረውም። ዶልፊኑ ከፊት፣ ሸርጣኑ ከኋላ ሲቀር አየው። ትልቁን መምረጥ የሚጠቅመው ለዚህ እንደሆነም ይገባዋል። ብዙ ትምህርታዊ ጌሞች ላይ የሒሳብ ጥያቄው አንድ ነገር ነው፣ ሽልማቱ ሌላ ነገር። እዚህ ሽልማቱ ራሱ ብዛቱ ነው።

መጀመሪያ ላይ ብዛቱ በዕቃ፣ በአኃዝና በድምፅ ይቀርባል። ልጁ ሰባት ዕቃ ያያል፣ «7» ያያል፣ «ሰባት» ሲባል ይሰማል። ሦስቱ እየተደጋገሙ አብረው ሲመጡ መተሳሰር ይጀምራሉ። ልጁ እየጠነከረ ሲሄድ ዕቃዎቹ ይቀነሱና አኃዙ ብቻውን ይቀራል። ቀጥሎ አኃዙ ራሱ ስሌት ይሆናል፤ በአንድ በኩል ትንሽ መደመር ወይም መቀነስ፣ በሌላው በኩል አንድ ቁጥር። ልጁ አስልቶ ያወዳድራል።

የሰዓቱ ገደብም በጣም የተዋጣለት ነው። ስክሪኑ ላይ ወደ ታች የሚቆጥር ሰዓት የለም። ሰዓቱ ሸርጣኑ ነው። ጌሙ ለልጁ ተጨማሪ ጊዜ መስጠት ሲፈልግ ሸርጣኑ ዘግይቶ ይመጣል። ማጥበቅ ሲፈልግ ይፈጥናል። ልጁ «ደረጃህ ወርዷል» የሚል ነገር አያነብም። ሸርጣኑ ዛሬ ቀርፋፋ መሆኑን ብቻ ያያል። ከክፍል ጓደኞቹ እኩል መሄድ አቅቶት ለቆየ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጌሙ አቅሙን እየለካው ነው፣ እሱ ግን እየተጫወተ ነው።

ሦስት አቅጣጫ ያለው ካርታ

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ሠሪዎቹ አንድ ጥያቄ ለልጅ ከባድ የሚሆነው በምን በምን ምክንያት ነው ብለው ጠየቁ። ሦስት መለኪያ ለዩ። የመጀመሪያው በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ነው፤ 9 እና 1 ይቀላሉ፣ 6 እና 5 ይከብዳሉ። ሁለተኛው ለመልስ የተሰጠው ጊዜ ነው። ሦስተኛው የጥያቄው ውስብስብነት ነው፤ ከዕቃ ክምር ተነሥቶ በአኃዝ በኩል አልፎ እስከ ስሌት ይደርሳል።

እነዚህን ሦስቱን እንደ አንድ ክፍል ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት አድርገን እናስባቸው። ክፍሉ ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ቦታ አንድ ዓይነት ጥያቄ ናት። ከበሩ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ፣ በጣም የተራራቁ ክምሮች ከብዙ ጊዜ ጋር አሉ። በተቃራኒው ማዕዘን፣ ጣሪያው ጋ፣ የተቀራረቡ ቁጥሮች በስሌት መልክ ከአጭር ጊዜ ጋር አሉ። ጌሙ ለእያንዳንዷ ቦታ አንድ ግምት ይይዛል፦ ይህ ልጅ እዚህ ቢጠየቅ በትክክል የመመለስ ዕድሉ ስንት ነው?

ልጁ በመለሰ ቁጥር ግምቱ ይታረማል። የሚታረመው የተጠየቀባት ቦታ ብቻ አይደለችም። ጎረቤቶቿም ትንሽ ትንሽ ይነካሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። 8 እና 2ን በቂ ጊዜ ተሰጥቶት የለየ ልጅ 9 እና 2ንም መለየቱ አይቀርም። ጌሙ ሁሉንም ጥያቄ አንድ በአንድ ሳይጠይቅ የልጁን ካርታ መሳል የሚችለው በዚህ ነው። የልጅ ትዕግሥት ደግሞ ውስን ነው። ሃምሳ ጥያቄ የሚፈጅ ፈተና አስቀድሞ ቢሰጠው ጨዋታው ሳይጀመር ያልቃል።

ይህ ከተለመደው የሌቭል መሰላል በምን ይለያል? ሁለት ልጆች እናስብ። አንደኛዋ አኃዞችን በትክክል ታወዳድራለች፤ ግን በውስጧ እየቆጠረች ስለሆነ ትዘገያለች። ሁለተኛው የዕቃ ክምር ሲያይ በቅጽበት ይመርጣል፤ ዕቃው ጠፍቶ አኃዝ ብቻ ሲቀር ግን ይገምታል። ሁለቱም መሰላል ላይ ቢወጡ አራተኛው ደረጃ ላይ ሊቆሙ ይችላሉ። መዝገቡ ሁለቱንም «ደረጃ 4» ይላቸዋል። ቀጥሎ የሚሰጣቸውም አንድ ዓይነት ልምምድ ይሆናል። በካርታው ላይ ግን የቆሙበት ቦታ አይገናኝም። ለእሷ ውስብስብነቱ እንዳለ ሆኖ ጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ይጠባል። ለእሱ ጊዜው ሰፍቶ አኃዙ ከዕቃው ጋር አብሮ ይመጣል፤ ዕቃው የሚነሣው ቀስ ብሎ ነው።

የማስማማት ሥራ ትልቁ ድርሻ ያለው እዚህ ይመስለኛል። ግምቱን የሚያርመው ቀመር የራሱ ውበት አለው። ሌላ ጎበዝ ፕሮግራመር ግን በሌላ ቀመር ሊተካው ይችላል። ሦስቱን መለኪያ ለመምረጥ ግን ቁጥር ለሕፃን የሚከብደው ለምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ያ እውቀት ከ1967 ጀምሮ በብዙ ሰዎች ልፋት የተገኘ ነው። መለኪያው ከተሳሳተ ቀመሩ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን ልጁን በተሳሳተ መንገድ ነው የሚመራው።

ልጅ ስንቴ ይሳሳት?

ካርታው ካለ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የቱ ቦታ ይጠየቅ የሚለው ነው። ዊልሰንና ባልደረቦቿ የመረጡት ልጁ በትክክል የመመለስ ዕድሉ 75 በመቶ አካባቢ የሆነባቸውን ቦታዎች ነው። ከአራት ጥያቄ ሦስቱን ይመልሳል፣ አንዱ ያመልጠዋል። ሁሉንም ከመለሰ አዲስ ነገር እየተማረ አይደለም። ግማሹን ከሳተ ደግሞ ተስፋ ይቆርጣል። የሩሲያው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ልጅ ብቻውን ከሚችለው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በእገዛ የሚደርስበት ክልል እንዳለ አስተምሯል። ጌሙ ያንን ክልል በቁጥር ለመያዝ ይሞክራል።

ምርጫው ሁለት ብቻ በሆነበት ጨዋታ 75 ሌላም ትርጉም አለው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚነካ ልጅ 50 በመቶ ያገኛል። ሁሉን የሚያውቅ 100 ያገኛል። 75 መሃሉ ላይ ነው፤ ልጁ የሚያውቅበትና የማያውቅበት ድንበር ላይ ቆሟል ማለት ነው። አንድ መልስ ስለ ልጁ ብዙ የሚነግረንም እዚያ ነው።

ቁጥሩ ግን የሳይንስ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ለልጁ ምን ያህል ድል፣ ምን ያህል ሽንፈት እንደሚገባው የተደረገ ውሳኔ ነው። እነዚህ ልጆች ሒሳብ ላይ መሳሳትን ጠግበውታል። ከአራቱ ሦስቱን ማሸነፍ ለብዙዎቹ አዲስ ስሜት ነው። እኔ ውሳኔውን ትክክል ነው እላለሁ። በራሱ ለሚተማመንና ፈተና ለሚወድ ልጅ ግን 75 ሊሰለች ይችላል። ለሌላ ልጅ ደግሞ አንዷ ስህተት ራሷ ከብዳ 85 ሊሻለው ይችላል። እውነተኛ ማስማማት ይህንንም ቁጥር ለልጁ ማስተካከል ይኖርበታል።

ወላጆችና አስተማሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በደንብ ራሱን የሚያስማማ ጌም ላይ የልጁ ውጤት አያድግም። በመጀመሪያው ሳምንት 75 በመቶ አካባቢ ያገኛል። በአምስተኛው ሳምንትም እዚያው አካባቢ ነው። ጌሙ ሆን ብሎ እዚያ ያቆየዋል። ልጁ ሲጠነክር ጥያቄው አብሮ ይጠነክራል። ውጤቱን ብቻ የሚያይ ሰው «ይሄ ልጅ ምንም ለውጥ የለውም» ብሎ ሊያስቆመው ይችላል። ለውጡ ያለው ግን ልጁ ካርታው ላይ በቆመበት ቦታ ነው። ትናንት ዕቃ እያየ ይመልስ የነበረውን ዛሬ በአኃዝ ብቻ፣ በአጠረ ጊዜ እየመለሰ ነው። እንዲህ ያለ ጌም የሚሠራ ሰው ለአዋቂው ማሳየት ያለበት ይህንን ነው። መቶኛ ብቻ የሚያሳይ ሪፖርት ያሳስታል።

ሙከራው

ጌሙ በልጆች እጅ ብቻ አይደለም የተፈተነው። በኮምፒውተር የተፈጠሩ ምናባዊ ልጆችም «ተጫውተውታል»። አንዱ ብዙ እያወቀ የሚጀምር፣ ሌላው ምንም የማያውቅ፣ አንዱ ቶሎ የሚማር፣ ሌላው የሚዘገይ ተደርገው ተቀመሩ። ምናባዊ ልጅ የሚያውቀው ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል። ስለዚህ ጌሙ የሚስለው ካርታ ከእውነቱ ጋር ይገጥም እንደሆነ ማየት ይቻላል። በእውነተኛ ልጅ ይህ አይቻልም፤ ውስጡን ከፍቶ የሚያይ የለም። ጌሙም ለተለያየ መነሻና ለተለያየ የመማር ፍጥነት ራሱን በደንብ ማስማማት ችሎ ተገኘ።

ከዚያ እውነተኞቹ ልጆች መጡ። ዘጠኝ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 9፣ ሁሉም ሒሳብ የሚያስቸግራቸው። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አራት ቀን፣ ለአምስት ሳምንት ተጫወቱ። ቢበዛ አሥር ሰዓት ነው። ከመጀመራቸው በፊትና ከጨረሱ በኋላ ተፈተኑ። ብዛትን በአንድ እይታ የመለየትና ቁጥሮችን የማወዳደር ፍጥነታቸው በብዙ መቶ ሚሊሰከንድ ተሻሻለ። የመቀነስ ስሌት ላይ ትክክለኛነታቸው በአማካይ በ23 በመቶ ጨመረ። መደመር ላይ ግን ለውጥ አልታየም። በአሥር ቤት የመቁጠርን ሥርዓት መረዳት ላይም እንዲሁ።

መቀነስ ተሻሽሎ መደመር ባለበት መቅረቱ ያስገርማል። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ እንዲህ ነው። ትንንሽ መደመሮችን ልጆች ብዙውን ጊዜ በቃላቸው ይይዟቸዋል። መቀነስ ግን በቃል ስለማይያዝ ብዛቱን ራሱን ማገላበጥ ይጠይቃል። የብዛት ስሜት ከተጠናከረ መጀመሪያ የሚጠቀመው መቀነስ ነው። ደስ የሚል ማብራሪያ ነው። በዘጠኝ ልጆች ግን አይረጋገጥም። ሙከራው ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረውም። ልጆች በአምስት ሳምንት ውስጥ ትምህርት ቤትም ይማራሉ፤ ፈተናውንም ለሁለተኛ ጊዜ ሲያዩት ይለምዱታል። ሠሪዎቹ ራሳቸው የመጀመሪያ ሙከራ መሆኑን በግልጽ ጽፈዋል።

የተሻሉ ሙከራዎች ቆይተው መጡ። በ2009 ይኸው ቡድን ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ 53 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ወሰደ። ልጆቹ የቁጥሩን ጌምና የንባብ ሶፍትዌር በየተራ ተጠቀሙ። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ መቀመጡ ብቻውን ያመጣው ለውጥ ከቁጥሩ ጌም ውጤት ሊለይ ቻለ። ልጆቹ የተሻሻሉት አኃዞችንና የቁጥር ቃላትን ማወዳደር ላይ ነበር። የነጥብ ክምር ማወዳደር ላይ አልነበረም። ይህ ወደ ሁለተኛው ግምት ያዘነብላል፤ ጌሙ ያጠናከረው ስሜቱን ሳይሆን ከምልክቱ ወደ ስሜቱ የሚወስደውን መንገድ ይመስላል።

በዚያው ዓመት ፊንላንድ ውስጥ ቁጥር ላይ ደካማ የሆኑ 30 ልጆች ለሁለት ተከፍለው ለሦስት ሳምንት ተጫወቱ። ግማሾቹ የቁጥር እሽቅድምድሙን፣ ግማሾቹ ሌላ የሒሳብ ጌም። ሁለቱም ቡድኖች ቁጥር ማወዳደር ላይ ተሻሻሉ። ወደ ሌላ የቁጥር ችሎታ ግን አልተሻገረም። በ2016 ደግሞ ጣሊያን ውስጥ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች በዕጣ ተከፍለው አንዱ ቡድን የቁጥር ጌሙን፣ ሌላው የሥዕል ሶፍትዌር ተጠቀመ። የቁጥሩ ቡድን በቃል ስሌት ላይ ሳይቀር በልጦ ተገኘ። ይህኛው የበለጠ ተስፋ ይሰጣል። ልጆቹ ትንንሽ ነበሩ፣ የተጫወቱበትም ጊዜ ረዘም ያለ ነበር።

ካርታው ውስጥ የሌለው

እነዚህን ውጤቶች ከሦስቱ መለኪያዎች ጋር አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ይወጣል። ጌሙ በዋናነት ልቆ የተገኘው ካርታው ላይ ባለው ነገር ነው፤ በማወዳደርና በፍጥነት። በአሥር ቤት መቁጠር ካርታው ላይ የለም፤ ልጆቹም እዚያ ላይ አልተሻሻሉም። ጌም ከልጁ ጋር የሚስማማው በሚለካው ነገር ብቻ ነው። ወላጅ «ልጄ ሒሳብ ይሻሻልለት» ብሎ ቢጭንለት፣ የሚሻሻለው ጌሙ ሒሳብ ብሎ የያዘው ክፍል ነው።

ሌላም የማያየው ነገር አለ። ልጁ ዘግይቶ ሲመልስ ጌሙ «እዚህ ቦታ ላይ ደካማ ነው» ይላል። ልጁ ግን ታናሽ እህቱ አዋርታው ሊሆን ይችላል። ማውሱ አስቸግሮት ሊሆን ይችላል። ሸርጣኑ ሲመጣ ደንግጦም ሊሆን ይችላል። ሒሳብ የሚያስፈራው ልጅ በሰዓት ሲጠየቅ የሚያውቀው ሳይቀር ይጠፋበታል። ሸርጣኑ ቀርፋፋ መሆን መቻሉ ይህን ያለዝበዋል፣ አያጠፋውም። አጠገቡ የተቀመጠ አዋቂ የልጁን ፊት አይቶ የሚረዳውን ኮምፒውተሩ ከመልሱና ከጊዜው ብቻ ማወቅ አይችልም።

የጌሙ ኮድ ክፍት ነው። ወደ ተለያዩ ቋንቋዎችም ተተርጉሟል። ከሁሉ በላይ የካርታው አሠራር ታትሞ ስለወጣ ማንም ሰው መለኪያዎቹን ቀይሮ ለሌላ ትምህርት ሊሞክረው ይችላል። ለምሳሌ ክፍልፋይ እናስተምር። አንዱ መለኪያ የሁለቱ ክፍልፋዮች ርቀት ይሆናል። ሁለተኛው ሥዕል አብሮ መኖር አለመኖሩ። ሦስተኛው ታችኞቹ ቁጥሮች እኩል መሆን አለመሆናቸው።

አሁን ልጁን 5/8 እና 3/8 የቱ ይበልጣል ብለን እንጠይቀው። 5/8 ይላል፤ ልክ ነው። 1/8 እና 1/3 ስንለው 1/8 ይላል፤ ስህተት ነው። በሌሎች ጥያቄዎችም እንዲሁ አንዴ ያገኛል፣ አንዴ ይስታል። ካርታው ከመሰላል ይሻላል፤ ታችኛው ቁጥር ሲለያይ ልጁ እንደሚደክም ያያል፣ እዚያ ጋ ቀለል ያሉ ጥያቄዎችንም ያመጣለታል። ለምን እንደደከመ ግን አልያዘም። ልጁ አንዴም አልገመተም። አንድ ሕግ ነው የተከተለው፦ ትልቅ አኃዝ ያለበት ይበልጣል። ከ5/8 ጋር ሕጉ አገለገለው፣ ከ1/8 ጋር ጣለው። እንዲህ ላለው ልጅ ቀለል ያለ ጥያቄ አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ሕጉን የሚያፈርስ ጥያቄ ነው። አንድ ዳቦ ለሦስት ሲቆረስና ለስምንት ሲቆረስ በሥዕል ጎን ለጎን ማየት አለበት። ይህን ለማድረግ ጌሙ ልክና ስህተቱን ብቻ መዝግቦ አይበቃውም። ልጁ የትኛውን እንደመረጠ፣ የመረጣቸውም ምን እንደሚያመሳስላቸው መያዝ አለበት። የ2006ቱ ጌም እስከዚህ አልሄደም። ቁጥር ማወዳደር ላይ ያን ያህል አያስፈልገውም ነበር። ከዚያ አለፍ ላለ ትምህርት ጌም የሚሠራ ሰው ግን ሥራውን ቢጀምር ደስ የሚለኝ ከዚህ ነው፤ ከአስተማሪ ጋር ቁጭ ብሎ፣ ልጆች በእውነት የሚከተሏቸውን የተሳሳቱ ሕጎች አንድ በአንድ በመጻፍ።